የዘሀራ ድድ እና ሲስተር ትብለጥ

ሲስተር ትብለጥ መሞቷን የነገረኝ ጥርሱን የነቀለችለት የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ እየሄድን ነበር። ጎብዬን እንዳለፍን ወሬ ወሬን አንስቶት፣ ድሮ ቆቦ ጥርስ ክፍል ውስጥ እሠራ እንደነበር ነገርኩት። አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ከንፈሩን በጣቱ ገለጠና ባዶውን ቦታ አሳየኝ።

"ይቺን የነቀለችልኝ ሲስተር ትብለጥ ናት፤ ነፍሷን ይማርና።"

"የምን ነፍስ ይማር?" አልኩት። ሳላስበው ጮክ ብያለሁ መሰለኝ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"አልሰማህም እንዴ? አርባዋ እኮ ወጥቷል።"

ተናደድኩ። ሰው ሲያገባ የጥሪ ወረቀት ደሴ ድረስ የሚልክ አገር፣ ሰው ሲሞት ስልክ መደወል ያቅተዋል? ሮቢት እስክንደርስ የማውቃቸውን የቆቦ ሰዎች በሆዴ አንድ በአንድ ስረግም ቆየሁ። ከሮቢት በኋላ ግን ንዴቱ አለቀና መስኮቱን ከፍቼ ወደ ማሽላው ማሳ ዞርኩ፤ ሹፌሩም ገብቶት መሰለኝ ሬዲዮውን ዘጋው። እንደ እሷ የፈራሁት ሰው የለም። እንደ እሷ የምወደውም የሥራ ባልደረባ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

ሲስተር ትብለጥ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ ሴት ነበረች። እዚያው ራያ ቆላ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሙቀቱ ምኗም አይደለም። እኔ ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ከጠዋት ጀምሮ ላቤን ስጠርግ ታየኝና፣ "አንተ የደሴ ልጅ፣ ላብህ በሽተኛው አፍ ውስጥ እንዳይገባ፤ ሰውየው የከፈለው ለጥርስ ነው" ትለኛለች። ድዷ በልጅነቷ የተነቀሰ ስለነበር ከአፏ የሚታየው ነጭ ጥርስና ጥቁር ድድ ነው። ስትስቅ ታምራለች፤ ችግሩ ሥራ ላይ አትስቅም። "ጥርሱን ያመመው ሰው ፊት የሚስቅ ሐኪም እኔ ብሆን እጠላዋለሁ" ነበር ምክንያቷ።

በሽተኛ ሲገባ ሰላምታዋ አንድ ቃል ነው፦ "ክፈት!" ገበያ ውስጥ በግመል ዋጋ የሚጮህ ነጋዴ እሷ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደ ተማሪ ዝም ይላል። ጫት አልቅምም ብሎ የሚምል ካለ አፉን በመብራት ታይና፣ "አንተ አትቅምም፤ ድድህ ግን ይቅማል" ትለዋለች። አንድ አባባል ነበራት፤ ምላስ ይዋሻል፣ ድድ ግን አይዋሽም የሚል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳትለው አትውልም፤ አንዳንድ ቀን ሰልችቶኝ እሷ ሳትጀምረው እኔ እጨርሰው ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ሚሊሻ ክላሹን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ ወንበሩ ላይ ወጣ። መሣሪያውን ውጭ ላለው ጓደኛው እንዲሰጥ ብለምነው፣ "የራያ ሰው ጠብመንጃውን ለሰው አይሰጥም" አለኝ። ሲስተር ትብለጥ መንቀያዋን እንደያዘች መጣችና፣ "ወንበሩ አንድ ነው፤ ወይ አንተ ትቀመጣለህ ወይ እሱ። የታመመው የቱ ነው?" አለችው። ሰውየው አፈጠጠባት፤ እሷም አፈጠጠችበት። በመጨረሻ ክላሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አፉን ከፈተ። የጥርሱ ሥር ሲነቀል የጮኸው ጩኸት አስፋልቱ ድረስ ተሰምቷል፤ እሷ ግን ለማንም እንዳላወራ አስማለችኝ።

እንዲህ ያለች ሴት ናት። ስለዚህ ያን ቀን የዘሀራን አፍ ስታይ ያሰበችውን ወዲያው ታፈርጠዋለች ብዬ ነበር የፈራሁት።

ጊዜው ከሚሊኒየሙ በፊት ያለው ዓመት ጥቅምት ነው። የገበያ ቀን ነበር። ሦስት ሴቶች ገቡ። ከፊት የመጡት እመት ሀዋ የሚባሉ የጎብዬ ባለጸጋ ናቸው፤ ደረታቸውን ነፍተው የሚራመዱ፣ መቁጠሪያ ሙሰብሃቸውን ከእጃቸው የማይለዩ። ከኋላቸው ዘሀራ፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ጠይም ቆንጆ፣ ሻሿን አፏ ላይ በእጇ አጥብቃ ይዛለች። መጨረሻ የገባችው እናቷ ከድጃ ናት። ማሽላው ሲሰበሰብ፣ ጥር ላይ፣ ዘሀራ የእመት ሀዋን ልጅ ልታገባ ተቆርጧል።

"ነቃሿ አንድ ጎኑን እንደጀመረችው ደሙ አልቆም አለ" አሉ እመት ሀዋ። "መጥፎ ደም ነው ያሳበጠው፣ በመርፌ ሲወጋ ይወጣል ብላን ነበር። ልጅቷ ሌሊቱን ስትተፋ አደረች።"

"እንዲህ ያበጠ ድድ ንቀሱ ያላችሁ ማነው?"

"በእኛ ቤት ደንቡ ነው ልጄ። ሙሽራ ድዷን ሳትነቀስ ከቤታችን አትገባም፤ ነቃሽ የማመጣውም እኔው ነኝ። አንቺስ ተነቅሰሽ የለ?"

ሲስተር መብራቱን ሳበች። "ክፈቺ" አለቻት ዘሀራን።

ዘሀራ ሻሿን ስታወርድ አየሁት። ድዱ በጥርሶቿ መሀል መሀል ተነፍቶ ወጥቶ የፊት ጥርሶቿን ከግማሽ በላይ ውጧቸዋል። የላይኞቹ ጫፋቸው ብቻ ነው የሚታየው፣ ገና እንደሚበቅል የሕፃን ጥርስ። በቀኝ በኩል መርፌው የገባበት ቦታ ጥላሸትና ደም ተቀላቅሎ ያዣል።

"ምን ኪኒን ትውጫለሽ?" አለቻት ሲስተር ትብለጥ።

እኔም ገባኝ፤ ራሷ ናት ያስተማረችኝ። እንዲህ ያለ የድድ እብጠት የሚያመጡ መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው። አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒን ያመጣል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚጥል በሽታ ኪኒን ነው። ሃያ ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ የደም ግፊት የላትም።

"ምንም" አለች ዘሀራ።

"ምንም አትውጥ" አለች ከድጃ፤ ፈጠን ብላ። ፊቷ አመድ መስሏል።

እመት ሀዋ አንዷን አይተው ወደ ሌላዋ ዞሩ። "ኪኒን ለምን ትውጣለች? ጤነኛ ልጅ ናት ብለው ነው የሰጡኝ።"

እዚያ አገር የሚጥል በሽታ አለባት ከተባለ ልጅቷን የሚያገባት አይገኝም፤ እህት ካላትም የእሷ ነገር አብሮ ያበቃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሲስተር ትብለጥን በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን ወደ እኔም አላየች፤ መብራቱን ስታወጣና ስታወርድ ቆየችና፣ "ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ካስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይቅር" አለች። እናትየዋ እንድትቀር ብላ ነው።

"እንግዲያው ከድጃ ትውጣ" አሉ እመት ሀዋ። "ያመጣኋት እኔ ነኝ።"

ከድጃ ወጣች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር ብላ ያየችን አስተያየት አሁንም አይረሳኝም።

ውኃ በቧንቧ የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለነበር አፍ የሚያስጉመጠምጠው በጆግ እየቀዳሁ እኔ ነኝ። ሲስተር ልጅቷን ደግፋ ወደ ጥጉ ወሰደቻት። እኔ ጀርባዬን ለእመት ሀዋ ሰጥቼ ውኃውን ከፍ አድርጌ እያፈሰስኩ ቆምኩ፤ ድምፁ ይሸፍናል ብዬ።

"የሚጥልሽ በሽታ ነው?" አለቻት በሹክሹክታ።

ዘሀራ ክው አለች። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ፌኒቶይን ነው? ነጯ ኪኒን?"

"አዎ። ሰሞኑን ትቼዋለሁ። እናቴ ድዱን የሚያሳብጠው እሱ ነው ሲሉ ሰምታ..."

"የሰማችው እውነት ነው። ኪኒኑ ነው ያሳበጠው።" ጆጉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። "ግን ስሚኝ። ድድ ይቆረጣል፣ ይስተካከላል። እሳት ላይ ከወደቅሽ ግን እኔ የማስተካክለው ነገር የለም። በአንድ ጊዜ ከተተወ ከበፊቱ ብሶ ነው የሚጥልሽ። ዛሬ ማታ ትውጪዋለሽ። በሌላ የሚቀይርልሽ ሐኪም ወልድያ አውቃለሁ፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚቀየረው።"

"ምንድን ነው የምታንሾካሽኩት?" አሉ እመት ሀዋ ከኋላዬ።

"በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ!" አለቻት ሲስተር ለዘሀራ ጮክ ብላ። "ጠዋትና ማታ! በለስላሳ ቡርሽም ትፍቂዋለሽ፣ ደማ ብለሽ እንዳትተዪ!"

የተወጋውን ቦታ አጥባ ደሙን አቆመች። መርፌ የሚባል ነገር እንዳይጠጋው፣ ትርፉ ድድ ግን በየተራ እንደሚቆረጥ፣ በሳምንቱም እንዲመለሱ ነገረቻቸው። እመት ሀዋ አልተነሱም። ሙሰብሃቸውን ጠቅልለው ጨብጠው፣ "እኔ ያልተማርኩ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም" አሉ። "በማተብሽ ንገሪኝ። ልጅቷ ጤነኛ ናት?"

ሲስተር ትብለጥ ጓንቷን ማውለቅ ጀምራ ነበር። አቆመች።

"እኔ የአፍ ሐኪም ነኝ እመት ሀዋ። ስለ አፏ ይጠይቁኝ፤ አፏ ይድናል ብዬ በማተቤ እምላለሁ። ሌላውን እሷን ይጠይቋት። ቤትዎ የምትገባው እሷ ናት።"

እመት ሀዋ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋትና ወጡ።

ሲሄዱ ጠብቄ ጠየቅኳት። "ኪኒኑ አይደለም ብትያት ምን ነበረበት? ትውጥ ነበር እኮ።"

"ዛሬ ዋሽቼ ባስውጣት፣ ነገ ሌላ ሰው እውነቱን ሲነግራት እኔንም ኪኒኑንም አንድ ላይ ትጥለናለች" አለችኝ። ነገሩ ልክ ነው። እኔ ግን ያን ሳምንት አልተኛሁም፤ ዘሀራን ምድጃ አጠገብ፣ ጉድጓድ አጠገብ፣ መኪና መንገድ ላይ ስትወድቅ እያየሁ እባንናለሁ።

በሳምንቱ መጡ። ከድጃ ውጭ ቀረች፣ እመት ሀዋ ገብተው ጥጉ ላይ ተቀመጡ። ሲስተር ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ "ዋጥሽ?" አለቻት፤ ዘሀራ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ድዱ ከቡርሹ የተነሳ ቀላ ማለቱ ቀንሷል። ሲስተር ደስ አላት። ማደንዘዣውን ወጋች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ስለቷን ይዛ ከላይ ከቀኝ ጀመረች።

ያን ሥራ ደሴ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ሥር ሆና ነው የተማረችው። እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ወሬ የለም፣ ትንፋሿም አይሰማም። ትርፉን ድድ በጥርሱ ቅርጽ እየተከተለች ስትገፈው እኔ በጋዝ ጨርቅ ደሙን እጠርጋለሁ። ሁለት ጥርስ ከድዱ ሥር ሙሉ በሙሉ ተገለጠ። ነጭ፣ ምንም ያልሆነ፣ ጤነኛ ጥርስ! ሲስተር መስተዋት አንስታ ለዘሀራ ያዘችላት። ልጅቷ ዓመታት ያላየቻቸውን ጥርሶቿን አየችና እንባዋ በጉንጯ ወረደ። እመት ሀዋ እንኳ አንገታቸውን ሰግገው፣ "ማሻአላህ" አሉ።

ሦስተኛው ላይ ነው። ስለቱ ድዱን ሊነካ ሲል የዘሀራ የግራ ዓይን ቆብ መርገብገብ ጀመረ። እኔ መብራቱ አስቸግሯት መስሎኝ ነበር። ሲስተር ግን ስለቷን በፍጥነት አውጥታ ወደ ሳህኑ ወረወረችው፤ የወረወረችበት ድምፅ ሳያልቅ የልጅቷ ሰውነት እንደ እንጨት ደረቀ።

"ጋዙን አውጣ! ወደ ጎን!" አለችኝ። ጋዙን ከአፏ መዘዝኩ። ሁለታችን ከወንበሩ አውርደን መሬት ላይ በጎኗ አስተኛናት። መንፈራገጥ ጀመረች። ደም የተቀላቀለበት አረፋ በአፏ ወጣ። ከድጃ በሩን በርግዳ ገባች፤ ከኋላዋ ከአግዳሚው ላይ የተነሳ ሰው በሩን ሞላው።

"ክብሪት! ክብሪት ለኩሳችሁ አሽትቷት!" አለ አንዱ።

"ማንም ክብሪት እንዳያመጣ!" አለች ሲስተር። "አፏ ውስጥም ምንም እንዳታስገቡ! ውጡ! አየር ስጧት!" እሷ የዘሀራን ጭንቅላት በእጇ ደግፋ ተንበርክካለች። እመት ሀዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አፍንጫቸውን በሻሻቸው ሸፍነዋል። በሕይወቴ እንዲህ የረዘመ ጊዜ አላየሁም። ዘሀራ ዝም ስትልም ፈራሁ። ከዚያ እንደሚያንኮራፋ ሰው መተንፈስ ጀመረች።

"ሰርጉ ቀርቷል" አሉ እመት ሀዋ።

ከድጃ እግራቸው ላይ ወደቀች። "አፈር ስሆን እመት ሀዋ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኪኒኑን የከለከልኳት እኔ ነኝ! ለሰርጉ ብዬ ነው፣ ጥርሷ እንዲታይ ብዬ ነው! ስትውጥ አትወድቅም ነበር፣ ወላሂ አትወድቅም ነበር!"

"አትንኪኝ። ያ አረፋ ይጋባል። የነካው ሰው ይወድቃል፣ አባቶቻችን ያሉት ነው።" እመት ሀዋ እግራቸውን ሰበሰቡ።

በዚህ ጊዜ ነው ሲስተር ትብለጥ ያን ያደረገችው። ሁለቱንም ጓንቶቿን አወለቀች። በባዶ እጇ፣ በመዳፏ፣ ከዘሀራ አፍ ላይ አረፋውን ጠረገችው። ጉንጯን ጠረገች፣ አገጯን ጠረገች። ከዚያ እርጥብ እጇን አንስታ ለእመት ሀዋ አሳየቻቸው። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እጄን ወደ ኪሴ ከትቻለሁ።

"ነካሁት" አለች። "የሚጋባ ከሆነ እወድቃለሁ። ነገ ይምጡና ይዩኝ። ከወደቅኩ ሰርጉን ያፍርሱ። ካልወደቅኩ ግን ይህቺ ልጅ ኪኒኗን እየዋጠች እንደማንም ሰው ትኖራለች ማለት ነው።"

"እመጣለሁ" አሉ እመት ሀዋ። እንደዋዛ አይደለም የተናገሩት።

ልጅቷን ደሟን አቁመን አልጋ ይዘንላት ኪኒኗን እንድትጀምር ተደረገ። ሲስተር ትብለጥ ያን ቀን በከድጃ ላይ ትጮህባታለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ" አለችኝ። "የሸሸጉት ግን ወደው ነው እንዴ? ስትነቀንቅልኝ ማመኔ!" በራሷ ነበር የተናደደችው።

በማግስቱ ስገባ እመት ሀዋ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ከጥርስ ክፍሉ በር ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሙሰብሃቸውን ይቆጥራሉ። ሲስተር ትብለጥ ቀጥላ መጣች። "ደኅና አደሩ" ብላቸው ገባች። ጋውኗን ሳቀብላት እጇ እጄን ነካው። ይፋጃል።

"ሲስተር?"

"ዝም በል። ወባ ነው፣ ሌሊት ነው የጀመረኝ።" ዓይኗ ደፍርሷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። "ዛሬ! ከቀኑ ሁሉ ዛሬ!"

"ወደ ቤት ሂጂ በቃ። ወባ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ።"

"ያምኑሃል?" አለችኝ። "ትናንት አረፋ ነክታ ዛሬ ተኛች ነው የሚባለው። ማታ ጎብዬ ይሰማል፣ ነገ ሮቢት። ያቺ ልጅ አለቀላት። እሷ ብቻም አይደለችም፤ ከእንግዲህ እዚህ አገር የሚወድቅን ሰው የሚነካ አይኖርም።"

የወባውን ኪኒን፣ ኮአርተም፣ ከበሩ ጀርባ ሆና ዋጠች። በሩን ልዘጋው ስል ያዘችኝ። "ክፍት ይሁን። ከዘጋኸው ውስጥ ወድቃ ነው ይላሉ።"

እንዲህ ሆኖ ሥራ ተጀመረ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መንቀሉን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ እነቅላለሁ፣ እሷ ከጎኔ ቆማ "ወደ ውጭ፣ አትቸኩል፣ አሁን አዙረው" ትለኛለች። በርጩማው አጠገቧ ነው፤ አልተቀመጠችም። አንድ ጊዜ በሆዴ አንቺ ሴት እብድ ነሽ እያልኩ በርጩማውን በእግሬ ገፋ አደረግኩላት፤ በእግሯ መልሳ ገፋችብኝ። ብርዱ ሲመጣባት በዚያ በቆቦ ሙቀት ውስጥ ክንዷን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ትሸጉጠዋለች። ትኩሳቱ ሲመጣ ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። እመት ሀዋ ከበሩ ማዶ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ቀትር ላይ ለሶላት ይሄዳሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሻሻቸውን አንጥፈው ሰገዱና ተመልሰው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ አውጥተን ሳለ ሲስተር ስትንገዳገድ አየሁ። ወደ ፊት ዘመም አለች። እመት ሀዋ ከአግዳሚው ብድግ አሉ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ሲስተር ግን የመብራቱን ክንድ ያዘች፤ ይዛው ወደ ታች ሳበችው፣ አስተካከለችው፣ ሌላ ሰው ቢያይ መብራት ያስተካከለች ነው የሚመስለው። ከዚያ ቆቦ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ክፈት!" አለች። ሽማግሌው አፉን የከፈተው ቀድሞ ነው፤ ደንግጦ የባሰ ከፈተው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ጣልቃ ላስገባው። ዘሀራ ወልድያ ሄዳ ሐኪሙ ፌኒቶይኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ በሌላ ኪኒን፣ በፌኖባርቢታል፣ ቀየረላት። የቀረውን ድድ ሲስተር ትብለጥ በየተራ ቆርጣ ጨረሰችው፤ እኔ ጋዝ ያዥ ነበርኩ። እንዳይመለስ ጠዋትና ማታ መፋቅ አለባት ስለተባለ መፋቂያና ቡርሽ ከእጇ አይለይም ነበር። ሰርጉ ከጥር ወደ ሚያዝያ ዞሮ ተደረገ። ነቃሽ አልተጠራችም። ዘሀራ ያን ቀን አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ዋለች፤ እኔም ሲስተርም ስለ ሙያችን ብለን ከሁሉም አስቀድመን ድዷን አየን።

ይህ ሁሉ መሆኑ ደስ ይለኛል። ሲስተር ትብለጥን ሳስብ የሚመጣብኝ ግን ሰርጉ ሳይሆን የዚያ የወባዋ ቀን ማምሻ ነው።

የመጨረሻው በሽተኛ ወጣ። ዘበኛው መስኮት መዝጋት ጀመረ። እመት ሀዋ ከአግዳሚው ተነስተው ገቡ። ሲስተር ትብለጥ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ የጣቶቿ አንጓ ነጭ ሆኗል።

"ወባ ነው አይደል?" አሉ እመት ሀዋ።

ሲስተር ወደ እኔ ዞር አለች።

"የቆላ ሰው ነኝ እኮ ልጄ። ወባ የያዘው ሰው አቋቋም ይጠፋኛል? ጠዋት ስትገቢ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ምነው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ?" አለች ሲስተር፤ ድምፅዋ ሰለል ብሏል።

"አረፋው ምንም እንዳላደረገሽ በቀትር ገብቶኛል። ከዚያ ወዲያ የተቀመጥኩት ሌላ ነገር ልይ ብዬ ነው። ለሰው ልጅ እስከ ምን ድረስ እንደምትቆሚ ልይ ብዬ።" አንገታቸውን ደፉ። "ትናንት ያቺ ልጅ መሬት ላይ ስትንፈራገጥ እኔ ግድግዳ ላይ ነበርኩ። ልጄ ሊያገባት፣ እኔ እናቷ ልሆን! አንቺ ባዕዷ ግን ይኸው። አላህ ይቅር ይበለኝ። አሁን ተቀመጪ፣ አብሽሪ፣ ማንም አይነግርብሽም።"

ሲስተር ትብለጥ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። የተቀመጠችው በሽተኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ያፈነችው ብርድ ሁሉ አንድ ላይ መጣባትና ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ አንዘፈዘፋት። እመት ሀዋ ጋቢያቸውን አውልቀው ከአንገቷ እስከ እግሯ ሸፈኗት፤ ጠርዙን ከሥሯ እየወሸቁ፣ ቀና ሳይሉ፣

"ኪኒኑን በስንት ሰዓት ነው የምትውጠው? ዘሀራን ማለቴ ነው። አጠገቧ ሆኜ እንዳስታውሳት" አሏት።

ሲስተር ትብለጥ ልትመልስላቸው ሞከረች፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ቃሉ አልወጣ አላት። ማታ ከራት በኋላ ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።